በአባ ጎጆ ውስጥ የነበረው ሰው

አባቴ ከዘመቻ ጠፍቶ መጥቶ በአያቴ ጎጆ ውስጥ መደበቁን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። የጎረቤት ልጆች የዘመቱ አባቶቻቸውን እያነሡ ሲያለቅሱ አብሬያቸው ፊቴን አጠቁራለሁ እንጂ በልቤ ደስ ይለኝ ነበር። የእኔ አባት እዚሁ ነው፤ ከቤታችን በስተጀርባ፣ ድንጋይ ብወረውር በሚደርስበት ቦታ።

ቤታችን ከዘመሮ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ነፋስ የማያጣው ሜዳ ላይ ነበር። በአንድ አጥር ውስጥ ግድግዳቸው ድንጋይ፣ ክዳናቸው የጓሳ ሣር የሆነ ሁለት ቤቶች ነበሩን። በትልቁ አባቴ አባይነህ፣ እናቴ የትምወርቅና እኔ እንኖራለን። ትንሹ የአባቴ አባት የአባ ተክለጻድቅ ነው። አያቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የአጥቢያችን መሪጌታ ሆነው ያገለገሉ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ሲሞቱባቸው መነኮሱ፤ ገዳም ግን አልገቡም። "ዕድሜ ልኬን የቆምኩበትን ደጅ ትቼ ወዴት እሄዳለሁ?" ብለው በልጃቸው ግቢ በዚያች ጎጆ ተቀመጡ። ቆብ ከጫኑ ወዲህ የሴት እጅ አይነካቸውም። ምግባቸውን እናቴ ታሰናዳና በእኔ ትልካለች፤ ልብሳቸውን በእንዶድ ታጥብና በአባቴ ትልካለች። እሷ ራሷ የጎጆዋን ደጃፍ አልፋ አታውቅም።

በጥምቀት ሰሞን አባ ከማኅሌት ሲመለሱ መንገድ ላይ ወደቁ። ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው አመጧቸው። ከዚያ ወዲያ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው፤ ድሮም የደከመው ዓይናቸው ጭራሽ ጠፋ፤ ጆሯቸውም ድምፅ ከፍ ካላሉበት አይሰማም። አእምሯቸው ግን እንደ ቀድሞው ነበር። አባቴ በየጠዋቱ ጥቁር በርኖሱን ደርቦ፣ ለብ ያለ ውሃ በማሰሮ ይዞ ይገባል። በሩ ላይ ሲደርስ "እህህ" ብሎ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ አባ በዚያ ያውቁታል። ያጥባቸዋል፣ ያገላብጣቸዋል፣ ከሥራቸው ያለውን አጎዛ ለውጦ ይወጣል። ሲወጣ አባ ሁልጊዜ "እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ" ይሉታል። እኔ ቁርሳቸውን ይዤ ደጅ ላይ ስለምጠብቅ ይህን በየቀኑ እሰማ ነበር።

በዚያው ዓመት፣ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ የእናት አገር ጥሪ መጣ ተባለ። ገበሬ ማኅበሩ ከየመንደሩ ዘማች ሲመርጥ አባቴ ተመረጠ። በርኖሱን "ልብስ መንግሥት ይሰጣችኋል" ስላሏቸው ለእናቴ አቀበላት። መኪናው ላይ ሊወጣ ሲል ወደ እሷ ዞሮ፣ "የትሜ፣ አባን…" አለ። እኔ አባን እየጠራቸው መስሎኝ ወደ ኋላዬ ዞሬ ፈለግኋቸው።

መጀመሪያ ሰሞን መምሬ መርስዔ ኃዘን እየመጡ ያጥቧቸው ነበር። መምሬ የአባ ተማሪ የነበሩ፣ ቤታቸው ከወንዙ ማዶ የሆነ ቄስ ናቸው። ግን እሳቸውም ቅዳሴ አለባቸው፣ እርሻ አለባቸው፣ ክረምቱ ሲገባም ወንዙ ሞላ። አንዳንዴ ሳምንት ሙሉ ሳይመጡ ይቀሩ ጀመር። ያኔ ምግብ ይዤ ስገባ የጎጆዋ ሽታ ተለውጦ ነበር። ዝንብ በዝቷል። አባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ "አስቀምጪውና ሂጂ" ይሉኛል። ቀድሞ አጠገባቸው አስቀምጠው ፊደል የሚያስጠኑኝ ሰው ለምን እንደሚያባርሩኝ አልገባኝም። የተቆጡኝ ነበር የመሰለኝ።

አንድ ጠዋት እናቴ ማሰሮውን ይዛ የጎጆዋ ደጃፍ ላይ ቆማ አየኋት። እንዲሰሟት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣

"አባ፣ እኔ ልግባ። ልጅዎ ነኝ" አለች።

"አንቺ የልጄ ሚስት ነሽ። እኔም መነኩሴ ነኝ" አሉ ከውስጥ።

"ቁስል እያበጀብዎ ነው አሉ መምሬ።"

"እንዲሁ ይሻለኛል። ተመለሽ የትምወርቅ።"

አልተመለሰችም። ደጃፉ ላይ ማሰሮውን አቅፋ ቆመች። ከማሰሮው የሚወጣው እንፋሎት እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ ሲጠፋ፣ ውሃውን አጥሩ ሥር ደፍታ ወደ ቤት ገባች።

አክስቴ ጌታነሽ ከሞላሌ የመጣችው በዚህ መሐል ነው። የአባ የመጀመሪያ ልጅ ናት። ገብታ በሩቁ አናገረቻቸውና ወጥታ ምድጃው አጠገብ ከእናቴ ጋር ተቀመጠች። እኔ ጥግ ላይ የሱፍ ባና ተከናንቤ የተኛሁ መስዬ አዳምጣለሁ።

"ገዳም እንውሰዳቸው" አለች አክስቴ። "እዚያ ወንዶች ያገላብጧቸዋል።"

"በዚህ ዝናብ? በቃሬዛ? መንገድ ላይ ያልቃሉ እትዬ።"

"እዚህስ እያለቁ አይደለም? ቁስላቸውን አይተሽዋል?"

እናቴ እንዝርቷን አንሥታ ሱፍ መፍተል ጀመረች። አክስቴ፣ "እኔ እንዳልወስዳቸው ቤቴን ታውቂዋለሽ" አለች። ይህን ያለችበት ድምፅ ቀጭን ነበር።

አክስቴ አባን ልትወስድብን የመጣች መሰለኝና ጠላኋት። ስትሄድ ልትስመኝ ጎንበስ ስትል ፊቴን አዞርኩባት። ባሏ የአልጋ ቁራኛ ሆኖ እሱን ስታነሣና ስትጥል እንደምትውል፣ ከእኛ ቤት ወጥታም ሞላሌ እስክትደርስ ስታለቅስ እንደሄደች የሰማሁት ካገባሁ በኋላ ነው።

ሐምሌ ገብቶ ጉሙ ከሜዳው አልነሣ ባለበት በአንድ ቀን መምሬ መርስዔ ኃዘን ወንዙን ተሻግረው መጡ። አባን አጥበው ከጨረሱ በኋላ ከእናቴ ጋር ከቤቱ ጀርባ ቆመው ሲነጋገሩ፣ እኔ ግድግዳው ላይ ባለው ቀዳዳ ጆሮዬን ደቀንኩ። ነፋሱ ግማሹን ይወስደዋል፤ ግማሹን ይተውልኛል።

"አድርጊ ብዬ አላዝሽም" አሉ መምሬ። "አታድርጊም አልልሽም።"

እናቴ የሆነ ነገር አለች። ከመሐሉ "አባይነህ መጣ" የሚለውን ሰማሁ። አባቴ ተመልሷል ማለት ነው።

"ከተሰማ ግን…" አሉ መምሬ። ነፋሱ ወሰደው። ቀጥለው፣ "ማንም እንዳያውቅ። በተለይ ልጅቱ። ልጅ ምሥጢር አይቋጥርም።"

በዚህ በጣም ተቀየምኩ። ምሥጢር መቋጠር እንደምችል አሳያቸዋለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ።

በማግሥቱ ገና ሳይነጋጋ ነቃሁ። እናቴ የለችም። እንስራውም ከቦታው የለም፤ ወንዝ ወርዳለች ማለት ነው። በግድግዳው ቀዳዳ አጮልቄ ወደ ጓሮ ሳይ፣ ጥቁሩ በርኖስ በጉሙ ውስጥ ሲሄድ አየሁት። ቆቡ እስከ ዓይን ድረስ ተደፍቷል፤ በእጁ ማሰሮ ይዟል፤ ማሰሮው ይጨሳል። የጎጆዋ በር ላይ ሲደርስ "እህህ" አለ።

"አባይነህ!" አሉ አባ ከውስጥ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእሳቸው ከሰማሁ ቆይቼ ነበር። "ልጄ፣ ለቀቁህ?"

የሚመልሰው ድምፅ አልተሰማም። ውሃ ሲንቆረቆር ብቻ ሰማሁ። በመጨረሻም፣ "እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ" አሉ አባ።

ወደ መኝታዬ ተመልሼ ባናውን ተከናንቤ ሳቅኩ። እናቴ ቆይታ እንስራዋን ተሸክማ ገባች። ጉንጮቿ በብርድ ቀልተዋል። "ምነው ነቃሽ?" አለችኝ። "አሁን ነው የነቃሁት" አልኳት። ምሥጢር መያዝ የጀመርኩት እንዲህ ነው።

እናቴ ከአባቴ በቁመት አታንስም። የትከሻዋ ስፋትም ያው ነው። ይህን ያኔ ልብ አላልኩትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ "ጠዋት ጠዋት አባ ጸሎት ላይ ናቸው፤ ሳልልክሽ ወደ ጎጆው እንዳትጠጊ" የሚል ትእዛዝ ወጣብኝ። ምክንያቱን ስለማውቅ እሺ አልኩ። አባቴ ቀን ቀን የት እንደሚደበቅም ደረስኩበት። በአባ ጎጆ ጥግ ከጭቃ የተሠራ፣ ከእኔ ቁመት ትንሽ የሚበልጥ የእህል ጎታ ነበር፤ እህል ከተጨመረበት ዓመታት አልፈዋል። ሌላ መደበቂያ የለም። ምሳ ይዤ ስገባ አባ የሚተኙበት መደብ ላይ ወጥቼ አፌን በጎታው አፍ ላይ ደቅኜ፣ "አባባ፣ እኔ ነኝ፤ አይዞህ" እለዋለሁ። ድምፄ ከውስጥ ወፍሮ ይመለሳል። እየመለሰልኝ ነው እል ነበር። ከዚያ ከራሴ ድርሻ ያስቀረሁትን ቆሎና የገብስ ቂጣ ወደ ጨለማው እለቅለታለሁ።

"ከማን ጋር ነው የምታወሪው?" ይሉኛል አባ አንዳንዴ፣ ሹክሹክታዬ ሳይሰማቸው እግሬ አጎዛውን ሲያንቀሳቅሰው።

"ከማንም" እላለሁ ጮክ ብዬ።

አባ እየተሻላቸው ሄደ። ዝንቡ ጠፋ። ጎጆዋ የሞቀ ቅቤና የንጹሕ አጎዛ ሽታ ያዘች። ፊታቸውን ከግድግዳው መልሰው ፊደል ያስጠኑኝ ጀመር። እናቴ ግን እየከሳች ነበር። የዘማች ማሳ በገበሬ ማኅበሩ ይታረሳል የተባለው ዘግይቶ፣ ሌላው ሁሉ ታርሶ ካለቀ በኋላ ነው የታረሰው፤ አረሙን ብቻዋን አረመችው። ስብሰባ ይጠሯታል፤ ትሄዳለች። በጎቹንም እሷው ናት የምታየው። አንድ ቀን እራት ስንበላ ጉርሻው በእጇ እንዳለ እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ አባቴ እዚያ ማዶ ተደብቆ አብሯት ስለማይበላ ያዘነች መሰለኝና፣ እጇን ቀስ ብዬ ከፍቼ ጉርሻውን መሶቡ ላይ መለስኩት።

መስቀል ካለፈ በኋላ ችግር መጣ። ከመንደራችን ከዘመቱት አንዱ፣ ተገኘ የሚባል ሰው፣ ከጦር ሠፈር ጠፍቶ ገደል ውስጥ ተደብቆ ተያዘ። በዚያ ምክንያት የዘማች ቤት ሁሉ ይፈተሽ ተባለ። የአብዮት ጥበቃው መሪ ገሠሠ ጠመንጃ ከያዙ ሁለት ሰዎች ጋር ወደ ግቢያችን ሲገባ ጠዋት ነበር። ጥቁሩ በርኖስ ገና ከጎጆዋ አልወጣም። እኔ ደጅ ቆሜ ነበር።

"እናትሽ የት አለች?" አለኝ ገሠሠ።

"ወንዝ ወርዳለች።"

"አባትሽስ?"

"ዘምቷል" አልኩ። ቶሎ ነበር የመለስኩት፤ ራሴም ታወቀኝ።

ያን ጊዜ ከጎጆዋ ውስጥ "እህህ" የሚል ድምፅ ተሰማ። ሦስቱም ዞሩ። ተከትሎም የአባ ድምፅ መጣ፦

"ውሃው ከወገቤ በታች ይሁን አባይነህ። ትከሻዬን በረደኝ።"

አንዱ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ገሠሠ በእጁ ከለከለውና ብቻውን ወደ ጎጆዋ ሄደ። ሮጬ ኮቱን ያዝኩት። ጎንበስ ብሎ ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቀና ገባ።

አሁን ይተኩሳል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልተሰማም። ከዚያ ገሠሠ አባ እንዲሰሙት ጮክ ብሎ፣

"እንደምን አደሩ አባ። ገሠሠ ነኝ" ሲል ሰማሁ።

"ገሠሠ? ምን እግር ጣለህ በጠዋት?"

"አባይነህን ልጠይቀው ብዬ ነው። የበሬ ነገር ነበረኝ" አለ።

"እንደምታየው እጁ ሥራ ይዟል። ሲጨርስ ይመጣልሃል።"

"ግድ የለም፣ ይቆየኝ። ይፍቱኝ አባ።"

"እግዚአብሔር ይፍታህ።"

ገሠሠ ሲወጣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞት ነበር። ፊቱ ልክ አልነበረም። ለሁለቱ ሰዎች፣ "ሽማግሌው ብቻ ናቸው። ሕመም አቃዥቷቸው የልጃቸውን ስም ይጠራሉ" አላቸው።

"ሳል ሰምተናል እኮ" አለ ጠመንጃውን ያወረደው።

"ያሳሉት እሳቸው ናቸው አልኩህ። እንሂድ።"

ሲያልፍ እጁን ራሴ ላይ አሳርፎ ሄደ። ገሠሠ አባቴን አይቶ እንዳላየ ማለፉን ሳውቅ በዓለም ላይ ከእሱ የሚበልጥ ሰው የለም አልኩ። ከዚያ ወዲያ አልፎ አልፎ ጠዋት ስንነሣ አጥራችን ሥር የተፈለጠ እንጨት ተቀምጦ እናገኝ ነበር። ማን እንዳስቀመጠው እናቴ አልጠየቀችም።

ገሠሠ ራሱ ነው ያን ጠዋት ያየውን የነገረኝ፤ መንግሥት ተለውጦ፣ እሱም አርጅቶ፣ በእኔ ሠርግ ላይ ተቀምጠን። "ስገባ እናትሽ የባሏን በርኖስ ለብሳ ተንበርክካለች" አለኝ። "እጅጌዋን እስከ ክንዷ ሰብስባለች። ሽማግሌው ራሳቸውን ትከሻዋ ላይ አስደግፈዋል። ቀና ብላ አየችኝ። በዓይኗ ብቻ ለመነችኝ። ምን ላድርግ? የመጣልኝን ተናገርኩ።" ጠላውን አንሥቶ ጠጣና፣ "በሬ እንኳ አልነበረኝም" አለ።

አባ ያረፉት በታኅሣሥ፣ ውርጩ ሜዳውን ነጭ ባደረገበት ሳምንት ነው። ያን ቀን ጠዋት በርኖሱ እንደ ልማዱ ገባ። ሳይወጣ ብዙ ቆየ። ከዚያ እናቴ ከወንዝ በኩል ሳይሆን በየት እንደመጣች ሳላውቅ ግቢው ውስጥ ቆማ ጎረቤት ስትጣራ ሰማሁ። ሰው ሞላ። መምሬ መርስዔ ኃዘን ገንዘው ይዘዋቸው ወጡ።

ሁሉም ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እኔ ወደ ጎጆዋ ገባሁ። መደቡ ባዶ ነበር። ላዩ ላይ ወጥቼ ወደ ጎታው፣ "አባባ፣ ሰው የለም፤ ውጣ" አልኩት። አልወጣም። ደጋግሜ ጠራሁት። አባ ከሌሉ መደበቂያ ስለሌለው ሄዷል ማለት ነው፤ ሲሄድ እንኳ አልሳመኝም። "አባባ፣ አባባ" እያልኩ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። ከቀብር የተመለሱ ሴቶች እንዲህ ሆኜ አገኙኝ። "ልጅቱ አያቷን እንዴት ብትወዳቸው ነው" እየተባባሉ አብረውኝ አለቀሱ።

ከተዝካሩ በኋላ እናቴ ጎጆዋን ስታጸዳ ጎታውን አፈረሰችው። ከሥሩ ከአይጥ የተረፈ ቆሎና የሻገተ ቂጣ ወጣ። እናቴ ፍርስራሹ መሐል ቁጭ አለችና አንዱን ቁራሽ ይዛ ብዙ ቆየች። እኔ አባቴ ያመጣሁለትን ሳይበላ መቅረቱን አይቼ ተናደድኩ፤ እሷ ግን ለምን እንደምታለቅስ አልገባኝም። አባ ለክፉ ቀን ብለው የደበቁት መስሏት ነበር። በቤቷ የጠገቡ የመሰሏት ሰው ነገ እንዳይርባቸው እየፈሩ ኖረው ሄዱ ብላ ለብዙ ዓመት ስትብሰለሰልበት ኖራለች። እኔ መሆኔን የሰማችው ራሷ ካረጀች በኋላ ነው። መጀመሪያ አላመነችኝም። ካመነች በኋላ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሆዷን እስኪያማት ሳቀች።

አባቴ የመጣው በሚቀጥለው ዓመት፣ ገብሱ ታጭዶ ካለቀ በኋላ ነው። ጭኑ ላይ ቆስሎ ምርኩዝ ይዞ ነበር። መንደሩ ሁሉ እልል እያለ ወጣ። እኔ አልሮጥኩም፤ ኩርፊያ ላይ ነበርኩ። ጎንበስ ብሎ ሲያቅፈኝ፣

"አባ ሲሞቱ ጥለኸን ለምን ሄድክ?" አልኩት።

አባቴ ግራ ገብቶት እናቴን አያት። ፊቷ ተለወጠ። ዓመት ሙሉ ምን እንደማውቅና ምን እንደማላውቅ ያን ጊዜ የገባት ይመስለኛል። "ልጅ ናት፤ ተዋት" ብላ ለእንግዶቹ ጠላ ልትቀዳ ገባች።

በማግሥቱ አባቴ ከመምሬ መርስዔ ኃዘን ጋር ወደ አባ መቃብር ሄደ። ቶሎ አልተመለሱም። ተሲያት ላይ ብቻውን እያነከሰ መጥቶ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እናቴ እንደ ወጉ እግሩን ልታጥበው ለብ ያለ ውሃ በገበቴ ይዛ መጣች። ልታጥበው ስትጎነበስ ክንዷን ይዞ አስነሣት። ድንጋዩን ለቀቀላት፤ አስቀመጣት። የቆሰለ እግሩን ዘርግቶ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ የእሷን እግር ወደ ገበቴው አስገባ።

"ሰው ያያል" አለችው።

"ይይ" አላት።

ጣቶቿን አንድ በአንድ፣ ተረከዟ ላይ ያለውን ንቃቃት እያሸ አጠባት። በእኛ አገር ባል የሚስቱን እግር ሲያጥብ አይቼ ስለማላውቅ፣ ጦርነት አእምሮውን የነካው መሰለኝና ፈራሁ። ለማንም አልነገርኩም፤ ምሥጢር ማብዛት ለምዶብኛል።

አባቴ ከሞተ ቆይቷል። እናቴን ደብረ ብርሃን እኔ ዘንድ አምጥቻታለሁ። ካለፈው ክረምት ወዲህ ከወገቧ በታች አልታዘዝ ብሏታል። መጀመሪያ ላጥባት ስል ልብሷን ጨምድዳ ያዘች። "የጎረቤት ሴት ጥሪልኝ፤ አንቺ ልጄ ነሽ፤ አታዪኝም" አለች። ተለማምጬ፣ ተቆጥቼ፣ መልሼ ተለማምጬ ነው እሺ ያሰኘኋት። የሚያስቸግር ሥራ ነው። ወገቤን ያመኛል፤ አንዳንድ ቀን ትዕግሥቴ ያልቃል፤ ቃል አምልጦኝ ቆይቼ እጸጸታለሁ። እናቴ በጭቃ፣ በውርጭ፣ ድምፅዋን ደብቃ ይህን ሁሉ እንዴት እንደቻለችው በየቀኑ አስባለሁ።

ባለፈው ሰሞን ጀርባዋን እያጠብኩ፣ "አባ እንዲያው አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠሩም?" ብዬ ጠየቅኋት።

ውሃው ከትከሻዋ ላይ ሲወርድ ዓይኗን ጨፍናለች።

"ሊያርፉ ሳምንት ሲቀራቸው ነው" አለች። "እንደ ሁልጊዜው አጥቤ ልጨርስ ስል ያቺን ደህናዋን እጃቸውን አንሥተው እጄ ላይ አደረጓት። የእጄን አይበሉባ ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። ከዚያ፣ 'እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ' አሉኝ።"

"ይስጥሽ?"

"ይስጥሽ።"

"ተሳስተው ይሆናል።"

"መሪጌታ ናቸው እኮ" አለች እናቴ። "በቃል አይሳሳቱም። በማግሥቱ ደግሞ ምንም እንዳልተባለ 'አባይነህ' ብለው ጠሩኝ። እስኪያርፉ ድረስ 'አባይነህ' እንዳሉኝ ነው።"

ከመቼ ጀምሮ እንዳወቁ አታውቅም። ከመጀመሪያው ቀን ይሁን፣ ገሠሠ ከገባ በኋላ ይሁን፣ ወይስ ያን ቀን፣ ለራሷም አልተገለጠላትም።

"አንቺስ ምን አልሻቸው?" አልኳት።

"ምን እላለሁ" አለችኝ። "ጀርባቸው ይቀረኝ ነበር፤ አገላብጬ አጠብኩላቸው።"